ወደ ጣና ደሴቶች የሚደረግ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

«ወደ ጣና ደሴቶች ጉዞ» የሚል ማስታወቂያ በሰሌዳችን ላይ በተለጠፈ ቁጥር ስሙን ለማስመዝገብ የሚሽቀዳደመው ተማሪ ብዙ ነው። ደስ ብሎት የሚመለሰው ግን የተመዘገበውን ያህል አይደለም። ይህም የሚሆነው በጣና ጉድለት ሳይሆን በዕቅድ ጉድለት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ወደ ደሴቶቹ ከመነሣት በፊት ምን ምን ነገር መጠየቅ፤ ምን ምን ነገር መቁጠር እንደሚገባ፤ አንድ የጉዞ ኮሚቴም ሥራውን በምን ተራ ቢሠራው እንደሚሻል ለማስረዳት እንሞክራለን።

ምሳሌውን ከሩቅ አናመጣም፤ ስሕተቱ የራሳችን ነውና ከራሳችን እንጀምር። ባለፈው ጊዜ ጉዞውን ያቀድነው አራት የኮሚቴ አባሎች ነበርን፤ አራታችንም ወንዶች ነን። አንድ ማታ ሻይ እየጠጣን ያወጣነው ፕሮግራም አጭር ነበር፤ ይኸውም መጀመሪያ ክብራን ገብርኤል፣ ቀጥሎ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ማታ ወደ ባሕር ዳር መመለስ የሚል ነው። የተጓዦቹ ቁጥር 22 ነበር፤ ከነዚህም 7ቱ እኅቶቻችን ናቸው። ሁላችንም በአንዲት ጀልባ ተሳፈርን። ሁለቱም ገዳማት ሴት የማይገባባቸው መሆናቸውን ከመካከላችን የሚያውቅ ነበረ፤ ነገር ግን «እዚያው ስንደርስ እናየዋለን» ብለን አለፍነው። እዚያው ስንደርስ ያየነው እኅቶቻችን በክብራን አንድ ሰዓት ተኩል፣ በዳጋ ሁለት ሰዓት ሙሉ በጀልባዋ ውስጥ ፀሐይ ሲመታቸው ነው። በመልሱ ጉዞ ነፋስ ተነሣ፤ ውሃው በጀልባዋ ጠርዝ እየዘለለ ይገባ ጀመር። የመንሳፈፊያ ጃኬቱ 14 ብቻ ነበር። በተቆረጠ ጄሪካን ውሃ እየቀዳን ስንደፋ፣ ያልጸለየ አልነበረም። ባሕር ዳር የገባነው ከጨለመ በኋላ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የተጎዳ ሰው የለም።

በማግሥቱ በስብሰባ ላይ ከእኅቶቻችን አንዷ ተነሥታ፣ «እናንተ ገዳም አይታችሁ መጣችሁ፤ እኛ ያየነው ጀልባ ነው፤ የከፈልነው ግን እኩል ነው» አለች። በዚያን ቀን መልስ አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልስ ነው።

1ኛ፤ ሐይቁን ስለ ማወቅ

ጣና በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የሚገኘውም ከባሕር ወለል በላይ 1,785 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ይገቡበታል፤ ዓባይ ደግሞ በባሕር ዳር አጠገብ ይወጣበታል።

ለተጓዥ ከሁሉ የሚጠቅመው እውቀት ግን ይህ ነው፤ ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም። ጥልቅ የሚባለው ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው አያስፈራም» ይላል። ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው። ጥልቀት በሌለው ሰፊ ውሃ ላይ ነፋስ ሲነፍስ የሚነሣው ማዕበል አጭርና ቀጥ ያለ፣ አንዱ ካንዱ የተጠጋጋ ይሆናል፤ ትንሽ ጀልባ አንዱን ወጥታ ሳትወርድ ሁለተኛው ይመታታል። ደግሞስ 15 ሜትር ይቅርና 3 ሜትር ውሃ ዋና ለማያውቅ ሰው ምን ጥልቀት ጎደለው?

የነፋሱም ሰዓት የታወቀ ነው። በጧት ሐይቁ ጸጥ ብሎ እንደ መስተዋት ይተኛል። ፀሐይ ከፍ ስትል የብስ ከውሃ ፈጥኖ ይሞቃል፤ በየብሱ ላይ ያለው አየር ወደ ላይ ሲወጣ በውሃው ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር በፋንታው ይገባል፤ በዚህ ጊዜ ነፋስ ይነሣል። ስለዚህ ከቀትር በኋላ ያለው ጣና ከጧቱ ጣና ጋር አንድ አይደለም። ያን ዕለት የመሩን ሽማግሌ ጀልባ ነጂ ስንዘገይ አይተው፣ «ልጆቼ፣ ይህ ውሃ ጧት ይተኛል፤ ከቀትር በኋላ ይነሣል» ብለውን ነበር። እኛ ግን እንደ ተረት አዳመጥናቸው እንጂ እንደ ትምህርት አልጻፍነውም።

ከቀኑ ሰዓት ሌላ የዓመቱም ወራት ይለያያሉ። ዝናሙ ከሰኔ እስከ መስከረም ይበረታል። የሐይቁ ውሃ እጅግ ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት ሲሆን፣ እጅግ ዝቅ የሚለው በግንቦትና በሰኔ ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ በ1988 ዓ.ም. ከተሠራው ግድብ ወዲህ የውሃው ከፍታ በሰው እጅ ጭምር የሚወሰን ሆኗል። በ1995 ዓ.ም. ውሃው እጅግ በመጉደሉ ትልልቆቹ መርከቦች ለ4 ወራት ያህል ሥራ አቁመው ነበር። ይህም የሚያስተምረን መርከብ ለመሄድ መርከብ ብቻ ሳይሆን ውሃም እንደሚያስፈልገው ነው፤ በግንቦት የሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሌላው መጠየቅ ያለበት ነገር እምቦጭ ነው። ይህ መጤ አረም በጣና ላይ መታየቱ በይፋ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ በይበልጥ የተስፋፋው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በደንቢያና በፎገራ በኩል ነው። አረሙ የሞተሩን መዘውር ሲይዘው ጀልባው ከውሃ መካከል ይቆማል። በዚያ በኩል ለመውረድ የሚያስብ ቡድን የወደቡ አፍ ክፍት መሆኑን ሳያረጋግጥ አይነሣ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ስንደምረው፣ ለተማሪ ጉዞ የሚስማማው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ነው፤ ዝናም የለም፤ ውሃውም ገና አልጎደለም። ቀኑን ስንመርጥ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ቀን መቁጠሪያ እንይ። በጾም ቀን ቅዳሴ ወደ ቀትርና ከዚያም በኋላ ስለሚሆን፣ ረቡዕና ዓርብ በዚያ ሰዓት የደረሰ እንግዳ በር ላይ መቆየት ይኖርበታል። በክብረ በዓልም ቀን ሕዝቡ ስለሚበዛ ዕቃ ቤቱን የሚከፍትልን አባት ጊዜ አይኖረውም።

2ኛ፤ ደሴቶቹን ስለ መለየት

የጣና ደሴቶች በተለምዶ 37 ናቸው ይባላል። ውሃው ሲጎድል አንዳንዱ ከየብስ ስለሚገናኝ፣ ሲሞላም አንዳንዱ ስለሚሰወር ቁጥሩ እንደ ቆጣሪውና እንደ ወራቱ ይለያያል። ብዙዎቹ ገዳም ወይም ቤተ ክርስቲያን ያለባቸው ናቸው። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 በታተመው መጽሐፋቸው እንዳስረዱት፣ በ14ኛው መቶ ዓመት በጣና የተስፋፋው ገዳማዊ ኑሮ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ትልቅ ስፍራ አለው። በጦርነትም ዘመን ደሴቶቹ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት የሚሸሸጉባቸው ምሽጎች ነበሩ፤ ከዚህ የተነሣ በየብስ የጠፋው ብዙ ነገር በውሃ መካከል ተርፎ ይገኛል።

ሁሉን በአንድ ጊዜ ለማየት መመኘት ከንቱ ስለ ሆነ፣ ለተማሪ ቡድን የሚደረስባቸውን በሦስት ወገን ከፍለን እናያለን።

የመጀመሪያው ወገን ቅርቦቹ ናቸው። ክብራን ገብርኤል ከባሕር ዳር እጅግ ቅርብ ከሆኑት ደሴቶች አንዱ ሲሆን ወንዶች ብቻ የሚገቡበት ነው። በብራና መጻሕፍቱ የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ኤርነስት ሐመርሽሚት የተባለው የጀርመን ሊቅ በጣና ገዳማት ያሉትን መጻሕፍት በፊልም ባነሣ ጊዜ የክብራኖቹ ከዋነኞቹ ነበሩ። ከክብራን ጎን እንጦስ ኢየሱስ ይገኛል። ይህ ደሴት ሴቶችም የሚገቡበት፣ መነኮሳይያት የሚኖሩበት ነው። አንባቢያን ሆይ፣ እነዚህ ሁለት ደሴቶች ጎን ለጎን መሆናቸውን ልብ በሉ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚሁ ወገን የዘጌ ገዳማት ይቈጠራሉ። ዘጌ ባሕረ ገብ ምድር እንጂ ደሴት አይደለም፤ ነገር ግን አብዛኛው እንግዳ የሚደርስበት በጀልባ ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና ብትረ ማርያም ሁሉም ሴቶችን ይቀበላሉ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት በግድግዳ ሥዕሎቹ የታወቀ ስለ ሆነ፣ የሥነ ጥበብ ታሪክ የሚማር ሰው አንድ ሰዓት አይበቃውም። የዘጌ ሌላው ትምህርት ደኑ ነው። በአገሩ ትውፊት መሠረት ከአቡነ ብትረ ማርያም ቃል ኪዳን የተነሣ ሕዝቡ ምድሩን በበሬ አያርስም፤ ከብትም አያረባም፤ የሚተዳደረው በቡናና በፍራፍሬ ነው። ደኑም እስከ ዛሬ የቆየው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ወገን በሐይቁ መካከል ያሉት ደቅና ዳጋ ናቸው። ደቅ ከደሴቶቹ ሁሉ ትልቁ ሲሆን ገበሬዎች ከነቤተ ሰባቸው ይኖሩበታል። በምዕራብ ዳርቻው የሚገኘውን ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት በ18ኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ ራሳቸው እቴጌይቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሣሉበት ሥዕል በዚያ ይገኛል። ሴት ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን ለሴቶችም ክፍት ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ ግን በደቅ አጠገብ ባለ ከፍተኛ ኮረብታ ላይ ያለ የወንዶች ገዳም ነው። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ ጭምር የብዙ ነገሥታት ዐፅም በዚያ ይጠበቃል።

ሦስተኛው ወገን ከነዚህ የራቁትና ለብቻቸው ቀን የሚፈልጉት ናቸው። በምሥራቅ በኩል ያለው ጣና ቂርቆስ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመግባቷ በፊት ያረፈችበት ነው የሚል ትውፊት አለው፤ ይህም የወንዶች ገዳም ነው። በሰሜን ጫፍ ጎርጎራ አለ፤ በዚያም ደብረ ሲና ማርያም ከነሥዕሎቿ ትገኛለች።

እንግዲህ ኮሚቴው የመጀመሪያውን ሰንጠረዥ ሲያወጣ ሦስት ዓምድ ይበቃዋል፤ የደሴቱ ስም፣ ርቀቱ፣ ማን ማን እንደሚገባበት። ይህን ሦስተኛ ዓምድ ነው እኛ የተውነው።

3ኛ፤ ታንኳ፣ ጀልባ ወይስ መርከብ?

በጣና ላይ ሰው የሚሻገርባቸው ዕቃዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ነው። ታንኳን በመሥራት የታወቁት ከጥንት ጀምሮ በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦ ናቸው። ታንኳ ዓሣ ለማጥመድና ለቅርብ መንገድ የሚያገለግል ብልኅ ሥራ ነው፤ የተማሪ ቡድን ግን በርሱ ሩቅ ለመሻገር አያስብ።

ሁለተኛው የሕዝብ መርከብ ነው። ለብዙ ዓመታት መርከቡ በሳምንት አንድ ጊዜ እሑድ ጧት ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዘጌና በደቅ በኩል አልፎ ሌሊቱን በቁንዝላ አድሮ ሰኞ ጎርጎራ ይገባ ነበር። የመርከብ ጥቅሙ ዋጋው ነው፤ ከዚህም ሌላ ከገበሬው፣ ከነጋዴውና ከካህኑ ጋር አብሮ መቀመጥ በራሱ ትምህርት ነው። ጉዳቱ ደግሞ የርሱ ፕሮግራም እንጂ ያንተ አለመሆኑ ነው። በሳምንት አንድ ቀን የሚያልፍ መርከብ ደቅ ላይ ጥሎህ ከሄደ እስኪመለስ ድረስ መጠበቅህ ነው፤ ማደሪያውና ስንቁ ካልተዘጋጀ ደግሞ የደሴቱ ገበሬ ሸክም ትሆናለህ። የመነሻው ቀንና ሰዓት ስለሚለዋወጥ ከሰው አፍ ሳይሆን ከወደቡ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል፤ መጠየቅም አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ነው፤ ዕቅዱ ሲወጣና በዋዜማው።

ሦስተኛው የኪራይ ሞተር ጀልባ ነው። የመረጥከው ቦታ ይወስድሃል፤ የመረጥከውን ሰዓት ይጠብቅሃል። ዋጋው ግን ይከብዳል፤ ከዚያም ክብደት የሚወለደውን አደጋ በ5ኛው ክፍል እናያለን።

4ኛ፤ ርቀትን ወደ ሰዓት ስለ መለወጥ

የዕቅድ እምብርት ይህ ነው። ካርታና ማስመሪያ ይዘን ስንለካ፣ ከባሕር ዳር እስከ ክብራን 7 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት 12 ያህል፣ እስከ ዳጋ 32 ያህል፣ እስከ ናርጋ 40 ያህል፣ እስከ ጎርጎራ 70 ያህል ሆኖ እናገኘዋለን። ሰው የጫነች ተራ ሞተር ጀልባ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች እንበል። እንግዲያው ለክብራን 35 ደቂቃ፣ ለኡራ 1 ሰዓት፣ ለዳጋ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ ለናርጋ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያስፈልጋል። ነፋስ ሲኖር ይህ ሁሉ ይረዝማል።

አሁን የኛን የቀድሞ ፕሮግራም በዚህ ሚዛን እንመዝነው። እስከ ክብራን 7፣ ከክብራን እስከ ዳጋ 26 ያህል፣ ከዳጋ እስከ ባሕር ዳር 32፤ ድምሩ 65 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ለ12 ስናካፍለው 5 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይሆናል። በክብራን 1 ሰዓት ተኩል፣ በዳጋ 2 ሰዓት ስንጨምርበት 8 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይሆናል። እኛ ደግሞ ቁርስ እየበላን፣ የዘገየ እየጠበቅን ቆይተን የተነሣነው ከጧቱ በ3 ሰዓት ነበር። ስለዚህ ነፋስ የሚባል ነገር በዓለም ባይኖር እንኳ የምንመለሰው ማታ በ12 ሰዓት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነበር። ነፋስ ግን አለ። የመሸብን በክፉ ዕድል ሳይሆን በሒሳብ ነው። ሒሳቡም ከ5 ደቂቃ በላይ አይፈጅም ነበር።

ከዚህ የምናወጣው ደንብ አጭር ነው። መነሻው 12 ሰዓት ተኩል፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ይሁን፤ የሰፊው ውሃ መሻገሪያ ከቀትር በፊት ይለቅ፤ ከ9 ሰዓት በኋላ በሐይቁ መካከል የሚያስገኘን ፕሮግራም ይሰረዝ። የነዳጁም ደንብ እንዲሁ ነው፤ ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው ለመጠባበቂያ። ከመነሣታችን በፊት ሁለት የኮሚቴ አባሎች ነዳጁን ዐይተው ይፈርሙ።

5ኛ፤ ስለ ጭነትና ስለ ገንዘብ

የአንድ ጀልባ የቀን ኪራይ 9,000 ብር ነው እንበል፤ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ይህ ለምሳሌ ብቻ ነው። 22 ሰዎች በአንድ ጀልባ ቢሳፈሩ ለያንዳንዱ 409 ብር ይደርሰዋል። በሁለት ጀልባ 11 11 ሆነው ቢሳፈሩ ግን 818 ብር ነው። ገንዘብ ያዡ ይህን ሲያይ ወዲያው ልቡ ወደ አንዷ ጀልባ ያዘነብላል፤ እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። የጀልባ ኪራይ በሰው ቁጥር ስለማይጨምር፣ አንድ ተጨማሪ ሰው በተሳፈረ ቁጥር የሁሉም ክፍያ ይቀንሳል። ከልክ በላይ መጫን የሚመጣው ከክፋት ሳይሆን ከቁጠባ ነው፤ ስለዚህም አያስታውቅም።

እኛ ግን ያ 409 ብር ምን እንደሚገዛ አሁን ገብቶናል። አንደኛ፣ ጀልባዎቹ ቀለል ስለሚሉ ውሃ አይዘልባቸውም፤ ጃኬቱም ለሁሉ ይዳረሳል። ሁለተኛ፣ የአንዷ ሞተር ቢቆም ሌላዋ ትጎትታታለች፤ ብቻዋን የምትሄድ ጀልባ ግን ጎታች የላትም። ሦስተኛ፣ ከላይ ልብ በሉ ያልነው እዚህ ይመጣል። ክብራንና እንጦስ ጎን ለጎን ናቸው፤ አንደኛዋ ጀልባ ወንዶቹን ይዛ ወደ ክብራን ስትሄድ ሁለተኛዋ እኅቶቻችንንና ሊሸኟቸው የሚወዱትን ይዛ ወደ እንጦስ ኢየሱስ ትሄዳለች። በአንድ ሰዓት ሁለት ገዳም ይታያል፤ የሚጠብቅ የለም። ካንድ ዓመት በፊት «ምን ይደረግ፣ ሕጉ ነው» ስንል የነበረው ነገር መድኀኒቱ እዚያው አጠገባችን፣ በዓይን በሚታይ ርቀት ነበር። የገዳሙ ሕግ የገዳሙ ነው፤ ልናከብረው ይገባል። ዕቅዱ ግን የኛ ነው፤ በሕጉ ማሳበብ አይገባንም።

409 ብር ለተማሪ ቀላል አይደለም ቢባል እውነት ነው። ነገር ግን ጉዞው ከ8 ሳምንት በፊት ቢታወጅ በሳምንት 51 ብር ገደማ ነው። ምግቡንም ከመግዛት ይልቅ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ይዞ መሄድ ይቻላል። ይህም ካልሆነ አንድ ሩቅ ደሴት ይቀነስ እንጂ አንድ ጃኬት አይቀነስ። ከሁሉ ይልቅ ሦስት ጥያቄ ለጀልባው ባለቤት ሳይቀርብለት ቀብድ አይከፈል፤ ጀልባው ስንት ሰው እንዲጭን ተፈቅዶለታል? የመንሳፈፊያ ጃኬቱ ስንት ነው? ሞተሩ ቢቆም ምን አለ? መልሱን በጆሮ መስማት ብቻ ሳይሆን ጃኬቱን በእጅ መቁጠር ያሻል።

6ኛ፤ ስለ ጤናና ስለ ጸጥታ

በዚህ ላይ ብዙ አንልም፤ ግን መዘለል የለበትም። በጣና ዳርቻ የብልሃርዝያ በሽታ ስላለ፣ በተለይ ሣር በበዛበት ዳር በባዶ እግር መግባትና መዋኘት አይገባም። አካባቢው ወባማ ስለ ሆነ ደሴት ላይ የሚያድር ሰው አጎበር ይያዝ። ዓባይ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ፤ ፎቶግራፍ ለማንሣት ብሎ ጀልባውን ማስጠጋት የሞኝ ሥራ ነው። የመንገዱና የአካባቢው ጸጥታ እንዴት እንደ ሆነም በዋዜማው ከሚመለከታቸው ሰዎች ተጠይቆ፣ መልሱ ደግ ካልሆነ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ እንደ ፍርሃት መቈጠር የለበትም። ደሴቶቹ የትም አይሄዱም።

7ኛ፤ በገዳሙ ውስጥ

ገዳም ሙዚየም አይደለም፤ ሰዎች ለጸሎት የሚኖሩበት ቤት ነው። ስለዚህ ከመሄዳችን በፊት ከዩኒቨርሲቲው የድጋፍ ደብዳቤ ይዘን የምንመጣበትን ቀንና ቁጥራችንን ለአበ ምኔቱ እናስታውቅ። በባዶ እጅ ከመሄድ ጧፍና ዕጣን ይዞ መሄድ የአገር ወግ ነው። ስንገባ ጫማ ይወልቃል፤ ነጠላ ይለበሳል፤ ድምፅ ዝቅ ይላል።

የብራና መጽሐፍ ሲያወጡልን ገላጩ አባት ይሁኑ እንጂ ተማሪ በእጁ አይገልብጥ፤ የእጅ ላብና የካሜራ ብልጭታ ቀለሙን ይጎዳሉ። አባ የሚነግሩንን ስንጽፍ፣ ትውፊቱን ትውፊት፣ ታሪኩን ታሪክ ብለን ለየብቻ እንጻፍ፤ አፍ ለአፍ ክርክር ግን በገዳሙ ውስጥ አያምርም። ከሁሉ የከፋው ነገር «ትንሽ ቅጠል ብራና ብገዛ ምን አለበት?» የሚለው ነው። ከእሳትና ከጦርነት ያመለጡ መጻሕፍት በየጊዜው በሚሸጥ በአንድ አንድ ቅጠል ሊያልቁ ይችላሉ። ሊሸጥልን የሚመጣ ሰው ቢኖርም አንገዛም። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ስለ ተመዘገበ፣ ይዘነው የሄድነውን ፕላስቲክ ሁሉ ይዘነው እንመለስ።

8ኛ፤ የሁለት ቀን ፕሮግራም ሐሳብ

ከዚህ በላይ ያልነውን ሁሉ አንድ ላይ ብናደርገው ለመጪው ጉዞ የሚከተለውን ፕሮግራም እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ቀን። በ12 ሰዓት ተኩል በሁለት ጀልባ መነሣት። ከ1 ሰዓት ጀምሮ ክብራንና እንጦስ በአንድ ጊዜ ይጎበኛሉ። በ2 ሰዓት ተኩል ሁሉም ተገናኝቶ ወደ ዘጌ። ከ3 እስከ 6 ሰዓት ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም፤ በደኑ ውስጥ ምሳ። ከ7 ሰዓት ሳያልፍ ተነሥቶ በ8 ሰዓት ባሕር ዳር መግባት። ማታ ውይይት፤ ወደ ክብራን የሄደው ለእንጦሶቹ፣ ወደ እንጦስ የሄደው ለክብራኖቹ ያየውን ይነግራል።

ሁለተኛው ቀን። በ12 ሰዓት ተኩል ተነሥቶ በቀጥታ ናርጋ ሥላሴ፤ ወደ 4 ሰዓት ገደማ ይደረሳል። እስከ 5 ሰዓት ተኩል ጉብኝት፤ ወዲያው መመለስ፤ በ9 ሰዓት ባሕር ዳር። ከዳጋና ከናርጋ አንዱን ብቻ ለማየት ጊዜ ካለን፣ ሁላችንም የምንገባበት ናርጋ ይመረጣል። ዳጋን ማየት የሚሹ ቢኖሩ ደቅ ላይ ለማደር ተፈቅዶ፣ ስንቅና አጎበር ተይዞ፣ የሚቀሩትም የሚያዩት ነገር ተዘጋጅቶላቸው በሌላ ጊዜ ይሁን። ነፋስ በጧት ቢነሣ ሁለተኛው ቀን ይሰረዛል፤ ለመሰረዝም የጀልባ ነጂው ቃል ይበቃል፤ ድምፅ አይሰጥበትም።

ለያንዳንዱ ተጓዥ አንድ የጥናት ርእስ ይሰጠዋል፤ ለአንዱ የምንትዋብ ዘመን፣ ለአንዷ የዘጌ ቡና፣ ለሌላው የደንገል ታንኳ አሠራር። ጀልባው እየሄደ 10 10 ደቂቃ ይናገሩበታል። ሳያነብ የሄደ ሰው ድንጋይና ሥዕል ብቻ አይቶ ይመለሳልና።

በመጨረሻ የኮሚቴውን አመራረጥ በሚመለከት አንድ ነገር እንላለን። የቀድሞው ስሕተት የመጣው ከክፉ ልብ አልነበረም፤ ዕቅዱ ከወጣበት ጠረጴዛ ዙሪያ ማን እንደ ጎደለ አላየንም እንጂ። አራት ወንዶች ስለ ሴቶች ፀሐይ ሊያስቡ ይችሉ ነበር፤ ግን አላሰቡም። ስለዚህ የመጪው ጉዞ ኮሚቴ ስድስት ሰው ይሁን፤ ሦስቱ እኅቶቻችን ይሁኑ፤ ያን ዕለት በስብሰባ ላይ የተናገረችው እኅታችንም ሰብሳቢ እንድትሆን ጠይቀናት እሺ ብላናለች። የመጀመሪያ ትእዛዟም ደርሶናል፤ እኛ አራታችን ከመነሻው በፊት ባለው ቀን ወደብ ወርደን ጃኬቱን አንድ በአንድ እንድንቈጥር ነው። እንቈጥራለን።